ከጣርማበር እስከ ሮቢ፦ የይፋት ወፎችና ፈላጊዎቻቸው

ሰሜን ሸዋ፣ ይፋት፣ ከአልዩ አምባ ቁልቁል ባለው የግራር ቁጥቋጦ ውስጥ አንዲት ትንሽ ወፍ ትኖራለች። መልኳ አመዳም ነው። ጉሮሮዋ ላይ ካለችው ቢጫ ምልክት በቀር ዓይን የሚይዝ ነገር የላትም፤ ከድንቢጥ መንጋ ብትቀላቀል የሚለያት ጥቂት ሰው ነው። ይህችን ወፍ ለማየት ግን ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ሰዎች አሉ። አስጎብኚው መኪናውን ጥግ ያስይዛል፣ እንግዶቹ መነጽራቸውን ያወጣሉ፣ ወፏ ብቅ ካለች በያዙት ዝርዝር ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ ከዚያም ጉዞው ወደ አዋሽ ይቀጥላል። እዚያው መንገድ ዳር ሽቦ ላይ ደግሞ ከራስ እስከ ጭራ ሰማያዊ የለበሰ፣ ጀርባው ቡናማ፣ ጭራው እንደ ክር የረዘመ ሮለር ተቀምጧል። ለእሱ ብሎ መኪና የሚያቆም ብዙ የለም። ሮለር ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ ድረስ ሞልቷልና ብርቅ አይደለም።

ወፍ ማየት በዓለም ላይ ትልቅ የጉዞ ንግድ ከሆነ ቆይቷል። ኮስታሪካ በኬትዛል፣ ፓፑዋ ኒው ጊኒ በገነት ወፎቿ ስም እንግዳ ይጠራሉ። ከ10,000 በላይ ከሆኑት የዓለም ወፎች ከ8,000 በላይ የሚሆኑትን አየሁ ብላ የመዘገበችው አሜሪካዊት ፊቢ ስኔትሲንገር እ.ኤ.አ. በ1999 ማዳጋስካር ውስጥ በመኪና አደጋ ስትሞት እንኳ ያልታየች ወፍ ፍለጋ ላይ ነበረች። በዚህ ዓይነቱ ሚዛን የአንድ አገር ዋጋ የሚለካው ሌላ ቦታ በማይገኘው ነው። ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ያላት ኢትዮጵያም የምትታወቀው በጥቂቶቹ፣ ከእሷ በቀር የትም በማይገኙት ነው። የይፋት የወፍ ታሪክም ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ የተጻፈው በዚሁ ሚዛን ነው፤ የጻፉትም አላፊ መንገደኞች ናቸው።

የይፋትን መልክዓ ምድር ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማበር ላይ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን የቆፈሩትን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ጠመዝማዛውን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሏል። ካፖርቱን ደብረ ሲና ላይ ያወልቃል፤ ሮቢት ላይ ጥላ ይፈልጋል። በዚህ አጭር መንገድ ላይ ወፎቹ እንደ ፎቅ ቤት ነዋሪዎች በየደረጃቸው ተሰድረው ይኖራሉ። ላይ፣ ገደሉ አፋፍ፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነው ወፍራም ምንቃር ቁራ፣ የሚንጫጫው ጋጋኖ፣ አጥንት ከሰማይ ወደ ዓለት እየጣለ የሚሰብረው ጢማሙ አሞራ አሉ። ከዚያ ዝቅ ሲሉ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል የተንጠለጠለው የወፍ ዋሻ ደን አለ፤ ጽድና ዝግባው አሁንም የቆመ። በአፈ ታሪክ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከዚህ በተወሰደ የጽድ ዘር ነው ይባላል።

ወፍ ዋሻ ውስጥ ስላለችው ቱራኮ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቅጠል ውስጥ ስትሮጥ የምትታየው አረንጓዴ ሆና ነው፤ ጉንጯ ላይ ነጭ ምልክት አለባት። ከዛፍ ዛፍ ስትበር ክንፏ ይከፈትና ደም የመሰለ ቀይ ይወጣል። የአብዛኞቹ ወፎች ቀይ ቀለም ከሚበሉት ምግብ የሚመጣ ነው። የቱራኮ ቀይ ግን በውስጡ መዳብ ያለበት፣ ከዚህ የወፍ ቤተሰብ ውጪ በየትም የማይገኝ ቀለም ነው። አረንጓዴዋም እንዲሁ እውነተኛ ቀለም ነው፤ የሌሎች ወፎች አረንጓዴ በአመዛኙ የላባው አሠራር ከብርሃን ጋር ሆኖ የሚፈጥረው ነው። የሮለሩ ሰማያዊም ቀለም አይደለም፤ ላባውን ፈጭተው ቢያዩት ሰማያዊው ይጠፋል። ይህችን ቱራኮ እ.ኤ.አ. በ1835 በሳይንስ ስም የሰየማት ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሩፔል ከምፅዋ ተነስቶ ሰሜንንና ጎንደርን ሲዞር ሸዋን ሳያይ ነው የተመለሰው።

ይፋት ለመንገደኛ አዲስ አይደለም። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት መቀመጫ የነበረ፣ ከዘይላ ወደብ የሚመጣው ነጋዴ ወደ ደጋው የሚወጣበት በር ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አረባዊው ጸሐፊ አል-ዑመሪ ስለ ይፋት ሲጽፍ ጫቱን ሳይቀር አንስቷል። በዚያ ረጅም የንግድ ዘመን ወፍ ዋጋ የነበረው በላባው ነው። የሰጎን ላባ ከቆላው ወደ ባሕር ይወርድ ነበር፤ እንቁላሉ ደግሞ ወደ ደጋ ወጥቶ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስቀል ላይ ይሰካ ነበር፤ ዛሬም ይሰካል። የአፋር ተዋጊ ጀብዱ ሲፈጽም ፀጉሩ ላይ የሰጎን ላባ እንደሚሰካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያለፉት አውሮፓውያን ደጋግመው ጽፈዋል። የዚህ አገር ሰጎን የሱማሌ ሰጎን የሚባለው ነው፤ የወንዱ አንገትና እግር ሰማያዊ ግራጫ ነው። ከይፋት በስተምሥራቅ በአዋሽ ሸለቆ ሜዳ ላይ ዛሬም አለ፤ ቁጥሩ ግን እጅግ ተመናምኗል።

እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ከታጁራ ተነስቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ በፋሬና በአልዩ አምባ በኩል አንኮበር ወጣ፤ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋርም ውል ተፈራረመ። ከእሱ ጋር ሮት የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪና በርናትዝ የተባለ ሠዓሊ ነበሩ። ሃሪስ ራሱ ከዚያ በፊት በደቡብ አፍሪካ በአዳኝነት ስም ያወጣ ሰው ነው። አንድ አገር ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ምን እንደሚተኮስበት ነበር ቢባል ሐሜት አይሆንም። ለማንኛውም የሸዋ እንስሳትና ዕፅዋት በአውሮፓ መጻሕፍት በስፋት መነበብ የጀመሩት ከዚህ ጉዞ ወዲህ ነው።

ከመንገደኞቹ ሁሉ ይልቅ ቆይቶ የኖረው ጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ ነው። የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበርን ከመሠረቱት አንዱ፣ ወፍ ገፎ በማድረቅ የተካነ ሽማግሌ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 ሸዋ ሲደርስ ዕድሜው ከ60 አልፏል። ንጉሥ ምኒልክ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጡት። ቦታው ከደጋውና ከቆላው መሐል ነው፤ ወደ ላይ ቢወጡ ውርጭ፣ ወደ ታች ቢወርዱ ግራር። ለወፍ ሰብሳቢ ከዚህ የተሻለ ቤት አይገኝም። ብዙ ሳይቆይ በአደን ላይ በደረሰበት የጠመንጃ አደጋ ቀኝ እጁ ተጎዳ፤ ሥራውን ግን አልተወም። ቆዳ እየገፈፈ፣ ቦታና ቀን እየጻፈ ወደ ጣሊያን ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ልጥ ማረፊያ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። የላካቸውን ወፎች ቶሪኖ ላይ ሆኖ የመረመረው ቶማሶ ሳልቫዶሪ እ.ኤ.አ. በ1884 የሸዋን ወፎች መጽሐፍ አወጣ። ሳልቫዶሪ ሸዋን ረግጦ አያውቅም። በልጥ ማረፊያ የተጀመረው የጣሊያን ሳይንስ ወዴት እንዳመራ አንባቢ ያውቀዋል፤ እዚያ የጂኦግራፊ ጣቢያው በተመሠረተበት ጊዜና በዓድዋ ጦርነት መካከል ያለው 20 ዓመት ያህል ብቻ ነው። አንቲኖሪን ግን ለብቻው ብመዝነው ከወፎቹ ጋር መኖር የፈለገ ሰው ሆኖ ነው የማገኘው።

አንቲኖሪን የተካው ዶክተር ቪንቼንዞ ራጋዚ ከ1884 እስከ 1886 እ.ኤ.አ. ወፍ ሰበሰበ። ከሰበሰባቸው መካከል ከአልዩ አምባ አካባቢ የተገኙት፣ መግቢያው ላይ ያነሳናት ባለ ቢጫ ጉሮሮዋ ወፍ ናሙናዎች ነበሩ። ሳልቫዶሪ እ.ኤ.አ. በ1888 አዲስ ዝርያ ናት ብሎ ስም አወጣላት። ከዚያ በኋላ ወፏ ጠፋች። ለመቶ ዓመት ያህል ያየኋት ባይ አልተገኘም፤ ያለው ማስረጃ በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ የተኙ ሦስት ደረቅ ቆዳዎች ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ፈረንሳዊው ክርስቲያን ኤራር እንዲህ ያለ ዝርያ የለም፣ ሁለት ሌሎች ወፎች ተዳቅለው የወለዷት ዲቃላ ናት የሚል ጽሑፍ አወጣ። ክርክሩ በደረቅ ቆዳ ላይ ስለነበር የሚመልስለት አልነበረም። ወፏ ግን ራሷ መለሰች፤ እ.ኤ.አ. በ1989 እንደገና ታየች፤ በኋላም ከአንኮበር በታች መልካ ጀብዱ በሚባለው አካባቢና ፈንታሌ ተራራ ላይ ተገኘች። የአልዩ አምባ እረኛ በእነዚያ መቶ ዓመታት ሁሉ ፍየሎቹን የሚያሰማራው እሷ በምታርፍበት ቁጥቋጦ መካከል ነበር። ጠፋች የተባለችው ለእነማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ሁለተኛዋ የአካባቢው ዝነኛ ወፍም ከመጀመሪያዋ የተሻለ ጌጥ የላትም። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አዲስ አበባ በነበረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን አሽ እ.ኤ.አ. በ1976 አንኮበር ገደል ላይ አንዲት ቡናማ ዥንጉርጉር ወፍ አገኘ፤ በ1979 በአንኮበር ስም ሰየማት። ለረጅም ጊዜ ከዚያ ገደል ውጪ የለችም ይባል ነበር፤ በኋላ ሰሜን ተራሮች ላይም ተገኘች። በጀማ ሸለቆ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1898 ከመንገደኛው ዌልድ ብለንደል ጉዞ ጋር የመጣው ቆዳ ገፋፊ ሃርውድ ያገኛት፣ በስሙ የምትጠራ ቆቅ አለች። የሰሜን ሸዋ የወፍ ጉብኝት እስካሁን የሚሽከረከረው በእነዚህ ሦስት ዙሪያ ነው፤ ሦስቱም ደብዛዛ መልክ ያላቸው ናቸው።

የይፋት ቆላ ጌጥ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ክረምቱ ሲያልቅ፣ ማሽላው ሲያሽት፣ ሣሩ ዘር ሲይዝ፣ አገሬው የመስቀል ወፍ የሚለው ይታያል። የመስቀል ወፍ ዓመቱን ሙሉ የት እንደምትሰነብት ብዙ ተብሏል፤ ሱባዔ ትገባለች የሚልም አልጠፋም። እውነቱ ከዚህ አይተናነስም። የመስቀል ወፍ አንድ ዓይነት ወፍ አይደለችም፤ በአንድ ወቅት መልካቸውን የሚለውጡ ብዙ ዓይነት ወፎች ናቸው። ከየትም አይመጡም፤ አብዛኞቹ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው። በበጋ ወንዱም ሴቷም ድንቢጥ መስለው ይውላሉና ማንም አያያቸውም። ዝናቡ ሣሩን ሲያበቅል ወንዱ ላባውን ይለውጣል። ደጋ ላይ ጥቁርና ቢጫ የለበሰው አለ፤ ጥቁር ሆኖ፣ ጭራው ረዝሞ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ያሰረውም አለ። ቆላው ላይ፣ ሮቢት ዙሪያ ሣርና ማሽላ ውስጥ ደግሞ እሳት የመሰለ ቀይና ጥቁር የሆነው አለ፤ ላባውን ነፍቶ ከአገዳ አገዳ ሲዘል ከሩቅ ይታያል። ከራሱ ሰውነት እጥፍ በላይ የረዘመ ጥቁር ጭራ እየጎተተ የሚበረውም ከዚያው ነው። የኋለኛው ተንኮለኛም ነው፤ ሴቷ ጎጆ አትሠራም፣ እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ጥላ ልጇን በሌላ እናት ታሳድጋለች። ወቅቱ ሲያልፍ ጌጡ ይረግፋል፣ ሁሉም እንደገና ድንቢጥ ይሆናል።

ለወፍ ብሎ ወደ ይፋት የሚመጣ ሰው መምጣት ያለበት ያኔ ነው ባይ ነኝ። የውጭ ጎብኚዎች ግን በአብዛኛው የሚመጡት መንገዱ ሲደርቅ፣ ከኅዳር በኋላ ነው። ያኔ ሌላ ጌጥ ይጠብቃቸዋል፦ በግራሩ ላይ ሆዱ ብርቱካናማ፣ ጀርባው ሰማያዊ አረንጓዴ የሚያንጸባርቅ፣ ደረቱ ላይ ነጭ መቀነት ያለው ውቡ ስታርሊንግ፤ በወንዝ ዳር ሾላ ላይ የበረሃ አረንጓዴ እርግብ፤ በእሬት አበባ ላይ እንደ ብረት የሚያብረቀርቁ አበባ ቀሳሚዎች። ወደ አዋሽ ሜዳ ሲወርዱ ደግሞ ጽጌረዳ ቀለም ያለው ንብ በል ወፍ በትልቁ የሜዳ ወፍ ጀርባ ላይ ተሳፍሮ ይታያል። ትልቁ ሲራመድ ከሣሩ የሚነሳውን ፌንጣ ትንሹ ከጀርባው እየተነሳ ይለቅማል፤ ፍየል ሲያገኝም ይጋልባል። በአዋሽ ፓርክ ይህን አይቶ ያልሳቀ አላየሁም።

ቆላው ላይ የሚኖረው ገበሬ ግን ስለ ወፍ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያነሳው ጌጡን አይደለም፤ ግሪሳን ነው። ግሪሳ ከእነዚያ የመስቀል ወፎች ጋር የቅርብ ዘመድ ናት። በእርባታ ወቅት ወንዱ ምንቃሩ ቀይ፣ ፊቱ ጥቁር፣ አናቱ ጽጌረዳ ይሆናል፤ ለብቻው ቢታይ ቆንጆ ነው። ለብቻው ግን አይታይም። አንዷ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትጨርሳለች ይባላል፤ አንድ ሚሊዮን የሆነ መንጋ ማለት በቀን 100 ኩንታል ነው። ሚሊዮን ደግሞ ለግሪሳ ብዙ ቁጥር አይደለም። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ወረዳዎች ማሽላ የሚዘራ ሰው ሰብሉ ሲያሽት ማማ ላይ የሚወጣው፣ ልጆቹን ወንጭፍ አስይዞ ከንጋት እስከ ማታ የሚያስጮኸው ለዚህ ነው። ወፍ ጥበቃ የቆላ ልጅ የመጀመሪያ ሥራው ነው፤ ወቅቱ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ መሆኑ ደግሞ የከፋ ነው።

መንጋው ከአቅም በላይ ሲሆን አውሮፕላን ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት አውሮፕላኖች ለዚህ ሥራ ሲሰማሩ ቆይተዋል። ማታ ግሪሳው ባደረበት ዛፍ ላይ የሚረጨው ፌንቲዮን የሚባለው መርዝ ወፉን በብዛት ይገድላል። የሞተችውን ግሪሳ የሚበላውን ጭላትና ንስር፣ ከግሪሳው ጋር ያደረችውን ባለ ሌላ ላባ ወፍም ይገድላል። ገበሬውን በዚህ መክሰስ አይቻልም፤ ማሽላው የዓመት ቀለቡ ነው። ሊከሰስ የሚገባው መንጋው ከመብዛቱ በፊት የእርባታ ቦታውን እየተከታተሉ አስቀድሞ የመከላከል ሥራ በዓመት በዓመቱ እየተዘነጋ መኖሩ ነው።

የአገራችን ሰዎች የራሳቸውን የወፍ ታሪክ መጻፍ የጀመሩት ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቶ በመጽሐፍ አወጣ። ከአዘጋጆቹ መካከል ሰሎሞን ጥላሁን፣ ሱ ኤድዋርድስና ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ይገኙበታል። የአንኮበርና የደብረ ሲና ገደል ከ69ኙ አንዱ ነው። ልብ ማለት ያለብን ከሥር ያለው የግራር ቆላ ግን እንደ ገደሉና እንደ ደኑ ያን ያህል ጠበቃ ያላገኘ መሆኑን ነው። ከላይ መንዝ ውስጥ ጓሳ ሣሩ ሳይቀር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የአባቶች ሥርዓት ተጠብቆ ኖሯል። ግራር እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም። ለከሰል ይቆረጣል፤ ውኃ ባለበት ሽንኩርትና ማሾ ይተካዋል፤ ከአፋር በኩል ደግሞ ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ እሾህ ከባለ አገሩ ግራር ቦታ እየነጠቀ ነው። ባለ ቢጫ ጉሮሮዋ ወፍ ያለችበት ስፍራ ጠባብ ነው፤ ያ ስፍራ ደግሞ ይኸው ግራር ነው።

በ2013 ዓ.ም. የይፋቷ አታዬ ከተማ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ወረደ። ከዚያ ወዲህ የወፍ ጎብኚ ስለ ይፋት ሲያስብ የሚያስበው ስለ መንገዱ ደኅንነት ነው፤ ከዓመት ዓመት የሚጠብቁት ደግሞ ሆቴሉ፣ ሾፌሩና አስጎብኚው ናቸው። ስለ ወፍ ማውራት በዚህ መሐል ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ለእኔ አይመስለኝም። ሰላም ሲመለስ ጎብኚው የሚመለሰው ዝርዝሩን ይዞ ነው፤ ያኔ የሚመራው የአልዩ አምባና የሮቢት ልጅ ካልሆነ ገንዘቡም ዕውቀቱም እንደ ራጋዚ ዘመን በመንገድ ያልፋል። ዞኑና ወረዳዎቹ ለሚቀጥለው ወቅት ሊሠሩት የሚችሉት ቀላል ሥራ አለ፦ ከእያንዳንዱ ቀበሌ ወፍ የሚጠብቁትን ልጆች ጥቂቱን መርጦ መነጽርና ሥዕላዊ መጽሐፍ መስጠት። ወፎቹን በድምፅ ለይተው የሚያውቋቸው እነሱ ናቸው፤ የጎደለው መጠሪያውና ደመወዙ ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ የምትሄድ ከሆነ፣ በተለይ በመስከረምና በጥቅምት፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ለምሳ ስትቆም ግማሽ ሰዓት ጨምር። ሾፌሩን አስፈቅደህ ወደ ሮቢ ወንዝ በኩል ባለው ማሽላና ሣር ዳር ተራመድ፤ ማማ ላይ የተቀመጠ ልጅ ካገኘህ ሰላም በለውና የመስቀል ወፍ የት እንደምትውል ጠይቀው። ላሳየህ ክፈለው።